አምባሰልን በመድረክ ፊልም ስናወዳድር

ዘፈን የጆሮ ነገር ነውና ማየት አያስፈልገውም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። በተለይ የወሎን ዜማ፣ ከወሎም ዜማ አምባሰልን በሚመለከት፣ ዘፋኙ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲጫወት የተነሣውን ፊልም ማየትና አንዱን ፊልም ከሌላው ጋራ ማወዳደር ቁም ነገር ያለው ጥናት ነው እንላለን። ይህንንም የምንጽፈው ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ነው። ፊልሞቹን በየስልካቸው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና፤ ከጥፋትም ሊያድኗቸው የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

አምባሰል በመጀመሪያ የአገር ስም ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ከተማና ስሟን የሰጣትን ባሕር ያያል፤ ከዚያም አልፎ ገፋ ሲል ከአምባሰል ተራሮች ሥር ይደርሳል። የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ናት፤ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሟን ለዓለም ያስታወቀላት ውጫሌ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ የሚጎርፉባት ግሸን ማርያምም በዚሁ ወረዳ ውስጥ ናት። ከዚህ አገር ስም የወጣው ቅኝት ደግሞ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ባቲም እንዲሁ የወሎ ከተማ ስም ነውና፣ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸውን ልብ ይሏል።

ሙዚቃ የተማሩ ሰዎች አምባሰልን በአምስት ድምፆች ይጽፉታል። መነሻው ዶ ቢሆን፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይሆናል። አሁን አንድ ነገር እናስተውል። ሐዘን የሚበዛበትን የትዝታ ዓይነት ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። እነዚህኑ ድምፆች ሳንለውጥ ከሶል ብንነሣ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ እንደ አምባሰል ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ድምፆቹ አንድ ከሆኑ አምባሰልን ከትዝታ የሚለየው ምንድን ነው ቢሉ፣ ዘፋኙ ከየት እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚቆይና የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ ከሚታየው ይልቅ በአዘፋፈኑ የሚታወቅ ነገር ነው። መነሻውና ማረፊያው እስኪታወቅም ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። አምባሰል የሚቸኩል ዜማ አይደለም።

ዳሩ ግን የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ሁልጊዜ ቸኳይ ነበር። ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፁን ባስቀረጸ ጊዜ፣ የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ በአዲስ አበባ ሸክላ ማሳተም ሲጀምርም ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጽ ከአምስት ደቂቃ የሚበልጥ ዘፈን ለመያዝ ይቸግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሴት መጣ። ካሴቱ በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ያህል ቢይዝም ገዢው ብዙ ዘፈን ስለሚፈልግ እያንዳንዱ ዘፈን እንደገና አጭር ሆነ። ስለዚህ በቤታችን የምናውቀው አምባሰል አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ አምባሰል ነው። መሰንቆው ብቻውን ዜማውን እየፈለገ የሚቆይበት መግቢያ ይቀራል፤ ዘፋኙ ግጥም እየጨመረ የሚሄድበት መካከል ያጥራል፤ መጨረሻውም ሳያርፍ ድምፁ እየቀነሰ ይጠፋል። በሕዝብ ፊት የተነሣው ፊልም ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በሸክላና በካሴት ሳቢያ ዘፈኑ ያጣውን ጊዜ ይመልስለታል።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከአብዮቱ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ በወሎ የላሊበላ ኪነት ቡድን ዝነኛ ሆነ። በአምባሰል ዜማ ስሟ የገነነው ማሪቱ ለገሠም ከዚያ ቡድን ጋራ ስሟ አብሮ የሚነሣ ነው። እርሷም ወደ አሜሪካ ሄዳ ለብዙ ዓመታት ስትኖር፣ በአገር ቤትም በውጭም አገር አድናቂዎቿ አምባሰልን ከእርሷ ለይተው ማሰብ የሚቸገሩ ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለረዱን ሕዝቦች ምስጋና ለማቅረብ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ በአውሮፓና በአሜሪካ ተደረገ፤ ትርዒቱም በፊልም ተነሥቶ በቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ገባ። ያ ረሃብ ወሎን እጅግ የጎዳ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ፊልም ከመዝናኛነት የሚያልፍ ትርጉም አለው። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በአዳራሽ ያነሡት፣ ከዚያም ወዲህ ማንም በስልኩ የሚያነሣው ተጨመረ። ዛሬ አንድ ወጣት የሚወደውን ዘፋኝ አንዱን ዘፈን በተለያየ ዘመንና በተለያየ መድረክ ሊያይ ይችላል። ይህ ዕድል ለአባቶቻችን አልነበራቸውም። ነገር ግን እንዴት እንደሚያወዳድር ካላወቀ ዕድሉ ብዙ አይጠቅመውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ድምፁ በእርግጥ በዚያ ቦታ የወጣ ነው ወይ የሚለው ነው። ቀደም ሲል የተቀረጸ ድምፅ እየተሰማ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት ፊልም ብዙ ነው። ይህን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። የመሰንቆው ደጋን እንቅስቃሴ ከሚሰማው ድምፅ ጋራ ካልተስማማ፣ ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ ሲርቅም ሲቀርብም ድምፁ ካልተለወጠ፣ ትንፋሽ ሲስብ ካልተሰማ፣ ርዝመቱም ከካሴቱ ጋራ እኩል ከሆነ፣ የምናየው የካሴቱን ሥዕል ነው እንጂ መድረክ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፊልም ስለ ልብሱና ስለ እስክስታው ብናየው አንከለክልም። በዚህ መመዘኛ ግን የዘፋኝን ችሎታ መፍረድ አይገባም። የሚያሳዝነው፣ አንዳንድ ወጣቶች ይህን የተስተካከለ ድምፅ ለምደው፣ እውነተኛውን መድረክ ሲያዩ «ዛሬስ ተሳሳተች» ይላሉ። የተሳሳተው መለኪያቸው ነው።

ሁለተኛው የሚታየው መግቢያው ነው። ጥሩ የአምባሰል ተጫዋች ከበሮው ከመጀመሩ በፊት ማረፊያውን በጆሯችን ውስጥ ይተክልልናል። በአንዱ ፊልም መግቢያው ረዝሞ በሌላው አጥሮ ብናገኘው ምክንያቱን እንጠይቅ። አዳራሹ ጫጫታ ነበረበት? የፕሮግራሙ መሪ አቻኩሏቸው ነበር? ወይስ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ዜማውን ስላወቀው ማስተዋወቅ አላስፈለገም? በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሕዝብ ፊት የሚደረግ መግቢያና አምባሰልን ሰምቶ በማያውቅ ሕዝብ ፊት የሚደረግ መግቢያ አንድ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ግጥሙ ነው። በወሎ አዘፋፈን ዜማው እንደ ቤት፣ ግጥሙ እንደ እንግዳ ነው፤ ቤቱ ባለበት ይቆማል፣ እንግዳው ግን ይለዋወጣል። ዘፋኙ የቦታውን ስም ያነሣል፣ የመጣውን ሰው ያወድሳል፣ የሰማውን ነገር በሰምና ወርቅ ይነካል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚወደውን ዘፋኝ ሦስት ፊልሞች አቅርቦ በእያንዳንዱ የተባሉትን ስንኞች በደብተሩ ቢጽፍ፣ የትኞቹ ሳይለወጡ እንደሚመለሱ፣ የትኞቹም ለዚያች ቀን ብቻ እንደተባሉ ይደርስበታል። የማይለወጡት የሕዝቡ ሀብት ናቸው፤ የሚለወጡት የዘፋኙ ችሎታ ምስክር ናቸው። ይህን ሥራ አንድ የሐይቅ ተማሪ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ሊፈጽመው ይችላል፤ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርቱም ይጠቅመዋል።

አራተኛው አጃቢው ነው። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያላት፣ ድምፅዋ ተጫዋቹ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ሁሉ የሚገኝ መሣሪያ ናት። የኤሌክትሪክ ፒያኖ ግን ድምፆቹ በፋብሪካ ተወስነው የተቀመጡ ናቸው። የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅ፣ ያቺ ከመነሻው አጠገብ ተጠግታ የምትሰማው፣ በመሰንቆ ስትታጀብ አንዳንዴ ይበልጥ ዝቅ ትላለች፣ አንዳንዴም ከፍ ትላለች፤ በፒያኖ ስትታጀብ ግን ከአንድ ቦታ አትነቃነቅም፤ ዘፋኙም ሳይወድ በግድ ወደዚያው ይሳባል። እኛ ዘመናዊ መሣሪያ አይግባ የምንል አይደለንም፤ ብዙ ያማሩ ሥራዎች ተሠርተውበታል። ሆኖም አንድ ዘፋኝ በመሰንቆና በክራር የተጫወተውን ፊልም በኦርኬስትራ ከተጫወተው ጋራ ጎን ለጎን ሳያይ አምባሰልን አውቃለሁ የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ያውቃል።

አምስተኛው ሕዝቡ ነው። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ለሽልማት ወደ መድረክ የሚወጣው ሰው ዜማውን የሚያውኩ ይመስላሉ። ነገር ግን ዘፋኙ አንዱን ስንኝ የደገመው ሕዝቡ ስለ ጠየቀው ይሆናል፤ ድምፁን ከፍ ያደረገውም ከኋላ ያለው ወገን እልል ስላለ ይሆናል። የሕዝቡን ድምፅ ቆርጦ ያወጣ ፊልም የጥያቄውን ግማሽ አጥፍቶ መልሱን ብቻ ያስቀረ ነው። የፊልም አንሺዎችም ጉዳይ ከዚሁ ጋራ ይያያዛል። ብዙዎቹ የዘፋኙን ፊት ብቻ ያነሣሉ፤ የመሰንቆ መቺውን ግራ እጅ፣ የተቀባዮቹን አፍ፣ የሕዝቡን ሁኔታ አያሳዩም። መሰንቆ ለመማር ለሚፈልግ ልጅ ግን ያ የግራ እጅ ከዘፋኙ ጥልፍ ቀሚስ ይበልጥበታል።

ይህ ማወዳደር የእኛ ብቻ ልማድ አይሆንም። ግብፃዊቷ ኡም ኩልሱም በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በካይሮ ስትዘፍን ሕዝቡ በራዲዮ ይከታተላት ነበር፤ በኅዳር 1960 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ ያቀረበችውም ተቀርጿል። አድናቂዎቿ ዛሬም ቢሆን አንዱን ዘፈን በየትኛው ሌሊት እንዴት እንደተጫወተችው፣ የትኛውን ቃል ስንት ጊዜ እንደደገመችው ይከራከራሉ። ክርክራቸው ሊሆን የቻለው ግን ቀኑና ቦታው ስለ ተጻፈ ነው። የእኛ ፊልሞች ብዙዎቹ ቀንም፣ ቦታም፣ የተጫዋች ስምም የላቸውም። «የቆየ የወሎ ዘፈን» የሚል ርዕስ ተሰጥቷቸው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እንመልከት። አንዳንድ አስተዋዮች፣ ዘፋኝ በሥራ ክፍል ውስጥ ተረጋግቶ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ያጸደቀው ካሴት የራሱ የመጨረሻ ቃል ነው፤ በመድረክ ላይ ደክሞት፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ የተነሣውን አቅርቦ ማወዳደር ግፍ ነው ይላሉ። አነጋገራቸው እውነት አለበት። ዘፋኙ ግጥሙን እንዴት እንደወሰነው ለማወቅ ካሴቱን መስማት ይሻላል። ለመፍረድ ብለን ደካማ ቀኑን እየፈለግን ብናወጣ ግን ነውር ይሆንብናል። እኛ ማወዳደር የምንለው የትኛው ቀን በለጠ ብሎ ሽልማት ለመስጠት አይደለም። ባለሙያ ሰው ችግር ሲገጥመው እንዴት እንደሚወጣው ለማየት ነው። ከበሮው ሲፈጥንበት ዘፋኙ እንዴት እንደመለሰው፣ ድምፁ ከዕድሜ ጋራ ዝቅ ሲል ማረፊያውን እንዴት እንዳሸጋሸገው ከካሴት አይገኝም። በጥር 2017 ዓ.ም. ማኅሙድ አሕመድ በሚሊኒየም አዳራሽ ለአድናቂዎቹ የስንብት ኮንሰርት ባቀረበ ጊዜ፣ ሕዝቡ የወጣትነት ድምፁን ለመስማት የሄደ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመውን ድምፅ ለመስማት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ፊልምም ይዋሻል የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው። የሁለት ሌሊት ጨዋታ ተቀጥሎ አንድ ሌሊት ይመስላል፤ ያልነበረ ጭብጨባ ይጨመራል። ካሴቱን ያጫወተው ሞተር ከፈጠነ ድምፁ ይቀጥናል፤ ካዘገመ ይወፍራል። ስለዚህ «ያን ጊዜ ድምፅዋ ቀጭን ነበር» ከማለታችን በፊት ክሩን እንጠርጥር። መድኃኒቱ ግን ፊልሙን መተው ሳይሆን መረጃውን አብሮ መያዝ ነው።

መረጃ አለመያዝ ምን እንደሚያስከትል አንድ የአሜሪካን ታሪክ እንጥቀስ። በጥር 1964 ዓ.ም. ዝነኛዋ አሬታ ፍራንክሊን በሎስ አንጀለስ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሌሊት መዝሙር ስትዘምር በፊልም ተነሣች። የድምፁ ሸክላ በዚያው ዓመት ወጣ። ፊልሙን ያነሡት ሰዎች ግን እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀመር ድምፅንና ሥዕልን ለማገናኘት የሚመታውን ሰሌዳ ሳይመቱ ቀሩ። ሥዕሉ ከድምፁ ጋራ አልገጥም ብሎ ተቀመጠ። በኋላም ሌላ ክርክር ተጨምሮበት፣ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ከ46 ዓመት በኋላ፣ እርሷም ካረፈች ወዲያ ነው። ሀብታም አገር፣ ባለሙያ የሞላበት ኩባንያ በአንዲት ሰሌዳ ምክንያት ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ስም ያልተጻፈበት የእኛ የቪዲዮ ክር ምን ዕድል ይጠብቀዋል?

ክር ያረጃል። እርጥበት ሲነካው ይሻግታል፣ ይጣበቃል። የማጫወቻ መሣሪያውም ቢሆን በዓለም ላይ እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቆየው የጃፓን ፋብሪካ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል፤ ዛሬ ያለው የቀረው ብቻ ነው። አንድ ቅጂ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ የሚያመጣውንም አደጋ ደቡብ ወሎ በዓይኑ አይቶታል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ ሀብት በአንድ ቀን ይጠፋል።

የሐይቅ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገውም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ማን እንደሰጠውና መቼ እንደተሰጠ በውስጡ ተጽፎበታል፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1280 ዓመት አካባቢ መሆኑ የታወቀው በዚያ ማስታወሻ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ሊቃውንት በእርግጠኝነት የሚናገሩት ጥቂት መሥመር ቀለም ስለ ፈሰሰ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት በሐይቅ ዳር በእውነት ተፈጽሟል። በብራና ያወቅነውን ሥርዓት በፊልም ላይ ብናደርገው አዲስ ነገር አይሆንብንም።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌና በደሴ የባህል ጉዳይ የሚሠሩ ወጣት ሠራተኞች በየቤቱ ያሉትን የመድረክ ፊልሞች ይጠይቁ። የኪነት ቡድን አባል የነበሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ፊልሙን አብረው እያዩ ይህ መሰንቆ መቺ ማን ነው፣ ይህ አዳራሽ የት ነው፣ ዘመኑ መቼ ነው ተብለው ይጠየቁ። መልሱ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የዘፈኑ ስም፣ ቅኝቱ፣ የዘፋኙ፣ የአጃቢዎቹና የተቀባዮቹ ስም፣ ፊልሙን ያነሣው ሰው፣ ፊልሙን የሰጠውም ሰው። ቅጂውም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱም በአዲስ አበባ በወመዘክር ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። የባለቤቱንም ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷልና፣ ለማኖር የተሰጠን ፊልም ለንግድ ማዋል ቅርስ ጥበቃ አይባልም።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ሰውና የሚጽፍ እጅ ነው። ዘፋኙ ስሙ በሸክላና በካሴት ላይ ታትሟልና አይረሳም ይሆናል። መሰንቆ መቺው ግን፣ ከበሮ መቺዋም፣ ተቀባዮቹም ስማቸው የተጻፈበት ቦታ የላቸውም። ዘፋኙን የተሸከሙት እነርሱ ሳሉ በፊልሙ ጥግ ላይ እንደ ጥላ ቀርተዋል። የሚያውቋቸው ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ወጣት አንባቢዎቻችን የሚወዱትን ዘፋኝ በሚቀጥለው ጊዜ በስልካቸው ሲያዩ፣ ከዘፋኙ በስተ ኋላ ተቀምጦ ደጋኑን የሚስበውን ሰው ይመልከቱ፤ ስሙንም የሚያውቅ ሽማግሌ በሰፈራቸው ካለ ዛሬውኑ ሄደው ይጠይቁ።